ደረቅ ቅላት

በኑኦሮ ከተማ፣ በቅዳሜ ገበያ፣
ፎርማጆ እሸጣለሁ፤ ደንበኛዬ ቦናሪያ
የፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ ባሏ የሞተባት፣
መልስ የማታበዛ፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት።
ዓመት የከረመ፣ ሽታው የከበደ፣
ቁራሽ አቀበልኳት፣ እጄ እየራደ።

ቀመሰች። ወዲያውም ከደረቷ ተነሥቶ
በአንገቷ ሽቅብ፣ ጆሮዋ ድረስ ወጥቶ፣
ወይን እንደ ፈሰሰበት የጠረጴዛ ልብስ
ፊቷ ቀላ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ።

ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ይቆረጥመኛል፤
እንዲህ የሚቀላልኝ ሰው ከየት ይመጣልኛል?
"ለኔ ነው" አልኩ እንጂ፤ ሌላ ምን ልጠርጥር?
ሴት ልጅ የምትቀላው፣ ሲኖር የሆድ ምስጢር።

የሆድ ነበረ። ያን ያህልስ አልተሳሳትሁም።

ከዚያማ በየሳምንቱ የበሰለውን መርጬ፣
ጥግ ጥጉን ትቼ፣ መሀል መሀሉን ቆርጬ፤
እሷም ትቀምስና ትቀላለች፤ ደግሞም
"ይቅርታ፣ ሆዴን" ብላ ትሮጣለች፤ አትቆምም።
"ዓይናፋር ናት" አልኩኝ። ጎረቤት "ጠጪ ናት"፤
የሰፈሩ ሐኪም "የዕድሜ ነው" አላት።
ስድስት ዓመት ሙሉ።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ዶክተር፣ ካልያሪ ሆስፒታል፣
እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ "ፊትሽ ሲቀላ ያልብሻል?"
"አያልበኝም። ደረቅ ነው።"
ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

የአንድ ቀንና ሌሊት ሽንት በጠርሙስ አጠራቅሚ አሏት፤
ሙዝ አትብዪ፣ ለውዝ አትብዪ ከዚያ በፊት።
ተገኘች። ከትንሹ አንጀቷ መታጠፊያ
ምስር የምታህል ዕጢ፣ ቀስ ብላ የምታድግ፣
ሆርሞን የምትረጭ፤ ያለ ቴምብር፣ ያለ አድራሻ
ቀን ከሌት ደብዳቤ የምትበትን ፖስታ ቤት።
ያን ሁሉ ደብዳቤ ያቃጥል የነበረው ጉበት ነው፤
ዘሯ ተሻግሮ እዚያም ቅርንጫፍ ከፈተች፤
ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ ፊት ላይ ይነበብ ጀመር።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ፣
በሥራ ቋንቋዋ፣ ረጋ ብላ።
"የከረመ ፎርማጆ ያስነሣብኛል፤ ወይንም እንዲሁ።"
ለኔ ያልተጻፈ ፖስታ ከፍቼ
በየቅዳሜው ማንበቤን፣
ስሜንም ፈልጌ ማግኘቴን
በምን አፌ ልንገራት?

አሁን በየሃያ ስምንት ቀኑ በአሮጌ ፊያቴ እወስዳታለሁ።
አንቲዮካ የምትባል ነርስ በወፍራም መርፌ
ዳሌዋ ላይ ትወጋታለች፤ እኔ ውጭ ጋዜጣ እገለብጣለሁ።
ዕጢዋ አልጠፋችም። አፏን ነው የያዟት።
ጉንጯም ገርጥቶ፣ ዝም ብሏል።
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያ ቅላት ይናፍቀኛል።

ባለፈው ስንመለስ ትኩስ ሪኮታ በማንኪያ እየበላች
(ይህኛው አያስነሣባትም)
"ጋቪኖ" አለች፣ "ያኔ ስቀላ ምን መስሎህ ነበር?"
መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ማርሹን ሳትሁት።
ከአንገቴ ጀምሮ ጋለብኝ፤ ግንባሬ ረጠበ፤
ላቡ ወደ ዓይኔ ወረደ።
ዞር ብላ አየችኝ፣ እንደዚያች ዶክተር፣ ረዘም አድርጋ።
"አልቦሃል" አለች፣ "ጤነኛ ነህ"፤
ማንኪያዋንም ላሰች።