የሦስት ዓመት አዎ

ምልክቷን ያደረግኋት እኔ ነኝ፤
ማንም አላዘዘኝ፣ ማንም አልነገረኝ።
«ቋንቋ» ከሚለው ጎን፣ ትንሿ ሳጥን ላይ፣
ከሜክሲኮ መምጣቱን ቅጹ ላይ ሳይ
«ስፓኒሽ» ብዬ አለፍኩ። ሰልፉ በሩን አልፎ ነበር፤
ስልኩ ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል ከወንበር ሥር።

ፊዴንሲዮ ይባላል። ኦክስናርድ፣ ከባሕሩ ዳር ማሳ
እንጆሪ ይለቅማል፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ፣ ማታ ብቻ ነሳ።
ጥፍሩ ሥር ያለው ቀይ በሳሙና አይለቅም፤
ቀጠሮ ግን አንዴም አጓድሎ አያውቅም።
በየሦስት ወሩ፣ ማክሰኞ በጠዋት፣
ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ፣ ሸሚዙ ለበዓል እንደታጠበለት።

ዶክተር ሃሎራን በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ በስልኩ አንዲት ሴት
ከሩቅ ከተማ ሆና ትተረጉማለች፣ በጥሩ ስፓኒሽ፣ በለዘበ አንደበት።

«መድኃኒቱን ይወስዳሉ?»
«አዎ።»
«ጨው ቀነሱ?»
«አዎ።»
«ራስዎን ያዞርዎታል?»
«አዎ።»
«አያዞርዎትም ማለት ነው?»
«አዎ።»

ዶክተሩም ይጽፋል፦ ታካሚው ተረድቷል።
የደም ግፊቱ ግን እንደ ቤት ኪራይ በየወቅቱ ጨምሯል።

አንድ ማክሰኞ ኮምፒውተሩ መዝገቡን ሁሉ ዋጠብኝ።
«ስምዎን ይንገሩኝ» አልኩት፣ በእናቴ ቋንቋ፣ በስፓኒሽ።
«አዎ» አለኝ።
«የተወለዱበት ቀን?»
«አዎ።»
ፈገግ እንዳለ።
ያኔ ቀና ብዬ አየሁት።
ሦስት ዓመት ሙሉ ለካ
ከሰዓቱና ከቁጥሩ በቀር አይቼው አላውቅም።

ሄርሜሊንዳን አፈላለግን፣ ከጎመን ማሸጊያው ቤት፤
ከበረዶው ክፍል ወጥታ ደወለች፣ በምሳ ዕረፍት።
የዝናብ ሕዝብ ነው የሚሉት ራሳቸውን፤
ድምፁን ሲያነሱት ተራራ፣ ሲጥሉት ቅጠል ያደርጉታል አንዱን ቃል፣ ያንኑን።
የሷን መንደርና የሱን መንደር ሁለት ገደል ይለያቸዋል፤
ከሦስት ቃል አንዱ ገደል ይገባል።
ቢሆንም ተናገረ።
አሥራ አንድ ደቂቃ። ቀጠሮው አሥራ አምስት ነው።
ዶክተሩ ሰዓቱን አየና
ክንዱን ከጠረጴዛው ሥር አወረደው።

ሄርሜሊንዳ ዝም አለች። ከዚያ፦
«እንዲህ ይላል፤
ክንዴን የሚጨምቀው ጨርቅ ደግ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ።
በፊት ሦስት ወር ያቆየኝ ነበር፣ አሁን ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል፣
ወር ሳይሞላ ምድር ይዞርብኛል፤
ጠበቅ አድርጋችሁ ብትጨምቁኝ፣ ይላል።»

«ክኒኖቹስ?»

«አልነካኋቸውም ይላል። ሁሉም አሉ፣ አንድ አልጎደለም፤
ካልጋዬ ሥር በካልሲ ጠቅልዬ
ለክፉ ቀን አስቀምጫቸዋለሁ።
ክፉው ቀን መቼ እንደሚመጣ
የምታውቁት እናንተ፤ ስትነግሩኝ እጀምራለሁ።»

ማንም አልሳቀም።
ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው፤
ያልቆሸሸውን መነጽር።
«ንገሪው» አለ፣ «ክፉው ቀን...» ብሎ ጀመረና
ቃል አጠረው።
እንግሊዝኛ የሚችለው እሱ።

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ፣ ስህተቴን ላርም።
የቋንቋ ዝርዝሩን ወረድኩ፣ ወረድኩ፤ የሱ የለም።
ታች፣ መጨረሻው ላይ፣ «ሌላ» የሚል አለ።
«ሌላ»ን ነካሁ።
ጎኑ ክፍት ቦታ ነው፣ ሃያ ፊደል የሚይዝ፤
ሄርሜሊንዳ ፊደል በፊደል እየነገረችኝ ሞላሁት።
የዕረፍቷ ደወል ሲጮህ ሰማሁት።

ከዚያ የሚቀጥለው ፋይል።
ሴት። ሃምሳ ሁለት ዓመት። ስኳር። ከዋሃካ ተራሮች።
ሳጥኑ ውስጥ ምልክት አለች፣
ጭራዋ ወደ ላይ የተቆለመመች፤
የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ።
ሴትዮዋ በር ላይ ቆማለች።
ገና ሳልጠይቃት
አንገቷን በአዎንታ ትነቀንቃለች።