መርዶ ለእንግዳ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ጣና ጠቁሮ ተኝቷል፣
ዓባይ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ያጉረመርማል፤
እኔ ከሰርቨሮቹ ጋር፣ የዛሬ ተረኛ ጠባቂ፣
ጋቢ ደርቤ ከማቀዝቀዣው ፊት፣ ሙቀት ለኪ፣ ሎግ ጠያቂ።

በአንዲት ብረት ሆድ ውስጥ አሥራ አንድ እንግዶች አድረዋል፤
አንዱ የሆስፒታል ካርድ ያገላብጣል፣ አንዱ የውሃ ቢል ይደምራል፣
አንዱ የአሣ አስጋሪዎችን ማኅበር ዕዳና ትርፍ ያጣራል፤
ሁሉም «ቤቱ የኔ ነው» ይላል።
ወለሉ የሰው፣ ጣሪያው የሰው መሆኑን
አንዱም አይጠረጥር፤ እኛም አንነግር እውነቱን።

ባለቤት ማለት ይህ ነው፦ አንዲት ቢት ዘንበል ብትልበት
አቃንቶ፣ በደብተሩ ሰረዝ አስምሮ፣ ዝም የሚል እንደ ሌሊት፤
ጣሪያው ቢያፈስ ሳህን ደቅኖ «ዝናቡ ለዘር ጥሩ ነው» የሚል፣
እንግዳው እንዳይባንን ጥላውን እንኳ የሚያባብል።

ዛሬ ግን የማይቃና መጣ።
በአራተኛው ሜሞሪ ላይ አንድ ገጽ ፊደሉን አጣ።
የማን ክፍል ነው? የሆስፒታሉ፤
ገና አልነካውም፤ ከነካው ግን የበሽተኛው ደም፣ የመድኃኒቱ ልክ፣ ሁሉ
ከሙት አፍ ይነበባል።
ቤቱን ባጠፋው ደግሞ፣ ጥፋት የሌለበት ሁሉ ከነሕልሙ ይጠፋል።

አባቴ ትዝ አለኝ፣ እንየው።
ጓንጉል ከደቅ ደንገል ጭኖ ሲመጣ ማደሪያው የኛው ቤት ነው፤
አንድ ማታ፣ እግሩን ሳይታጠብ፣ አባቴን ካጥር ውጭ ጠሩት፤
የጓንጉልን ልጅ ሐይቁ ወስዷታል፤ ለብቻው ነገሩት።
ተመለሰ። «ምንድነው?» ቢለው፣ «ላም ጠፍታባቸው ነው» አለ፤
መርዶ በማታ አይነገር፣ እንግዳ ሳይበላ አይረዳ፤ ወጉ እንዲህ አይደለ?
ጠላ ተቀዳ። ጓንጉል ጨዋታ ያውቅ ነበር፤
ታንኳውን ስለነከሰው ጉማሬ፣ እንደ ጉማሬው እያዛጋ ሲናገር
እኛ ልጆቹ በሳቅ ፈረስን፤ እሱም ከኛ ጋር።
እናቴ ጓዳ ነበረች፣
ነጠላዋን ነክሳ።

ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ መጣ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ጓንጉል፣ ያለ ቁጣ፣
«እንየው፣ ሁሉን ይቅር ብያለሁ፤ ወግ ነው፤ ምን አደርገው፤
ያን ሌሊት የሳቅሁትን ሳቅ ግን፣ የት ላስቀምጠው?»

ወደ ሥራዬ። ሌሊት ነው፤ ቢሆንም እነግረዋለሁ።
አድራሻውን ከእኛ ቁጥር እሱ ወደሚያውቀው እተረጉመዋለሁ፣
መርዶ በባዕድ ቋንቋ አይገባምና፤
«ይህ ገጽህ ሞቷል፤ አትንካው።» ሌላ ቃል የለም፣ የሚያጽናና።
እንግዳው ተንቀጠቀጠ፤ ካርዱን የያዘውን ሥራ ጣለ፣
ከዲስኩ ቅጂ አንሥቶ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ቀጠለ።
አሥሩ አልባነኑም። የሞተውን ገጽ አጠርሁት፣
ዳግም ለማንም እንዳይሰጥ፤
«ስምንት ከአሥራ አራት፣ ተነግሯል» ብዬ መዘገብሁት።

ጉማሬው ዝም ብሏል።
አባቴ ቢኖር አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦
ያን ማታ ለጓንጉል ጠላ ስትቀዳለት
እጅህ አልተንቀጠቀጠችም?
ወይስ እሷንም አቃንተህ፣
ሰረዝ አስምረህ፣
ዝም አልህ?