የሱ ጣሪያ፣ የኔ ወለል

ራድካ ነኝ፤ ጡረተኛ፤ የከሰል ማዕድኑ የድሮ ሒሳብ ሹም፤
ያለ ደረሰኝ ከእጄ አንዲት ሌቫ አትወጣም።
የምኖረው ፐርኒክ ነው፣ ከአራተኛው ፎቅ ላይ፤
ጥር ሲገባ እዚህ አገር፣ ስለት ነው የሚወርድ ከሰማይ።

ብርድ ሌባ ነው ብዬ፣ እንደ ሌባ ጠበቅሁት፤
የሚገባበትን ስንጥቅ በጣቴ ዳስሼ ቆጠርሁት።
የመስኮቱን ጠርዝ በዱቄት ሙጫ፣ በጋዜጣ ጥብጣብ ለጠፍሁት፤
የሟች ባሌን ካፖርት እጅጌ ቆርጬ፣ አሸዋ ሞልቼ ሰፋሁት፤
ከበሩ ሥር አስተኛሁት።
(ይቅር ይበለኝ ነፍሱ፤ በቁሙም ሰክሮ እየመጣ፣ ቁልፉን እየሰወረ፣
ስንቱን ሌሊት እዚያው ደፍ ላይ ተጋድሞ አደረ።)

ከራዲያተሩ ጀርባ ብርማ ፎይል ለጠፍሁ፤
ሁለቱን ክፍል ዘግቼ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ከተምሁ፤
ፀሐይ ስትመጣ መጋረጃ ገልጬ፣ እንግዳ ተቀበልሁ፤
ድንች በጠበስሁ ቀን ምድጃውን ከፍቼ፣
ትንፋሹ ሳይባክን ወንበሬን አስጠጋሁ።
የራዲያተሩንስ ቁልፍ? ዜሮ ላይ አሰርሁት፤
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አልነካሁት።
የወሩ ሒሳብ ሲመጣ፣ አስራ ዘጠኝ ሌቫ! ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁት፤
እንደ አንደኛ የወጣ ልጅ ካርድ፣ ደረጃው ላይ አውለበለብሁት።

ከእግሬ ሥር፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ስታመን ነው የሚኖረው፤
ከሰል ቆፋሪ የነበረ፣ ሳል ደረቱን የሚያርሰው።
ራዲያተሩ አምስት ላይ ነው፤ ሌት ተቀን ሲንተከተክ ይሰማል፤
በረዶ ሲዘንብ ሰውየው፣ በካናቴራ በረንዳው ላይ ያጨሳል።
«ገንዘብህ አያሳዝንህም?» ብለው፣
«ሠላሳ ዓመት ከመሬት በታች፣ እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ቆሜያለሁ፤
እንግዲህ፣ ራድካ፣ እግሬን ደረቅ አድርጌ ልሙት እላለሁ።»
አባካኝ! አልሁ በልቤ። ደረጃው ላይም ብያለሁ።
አንብቦ የጨረሰውን ጋዜጣ ግን፣ ሐሙስ ሐሙስ እየጠቀለለ፣
ከበሬ ሥር ያኖርልኛል፣ «ለመስኮትሽ» እያለ።

በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት፣ ወለሌ በድንገት ሞተ።
ሌላ ቃል የለኝም፤
በሁለት ካልሲ አልፎ፣ ብርዱ ሽቅብ ወደ ጉልበቴ ተጎተተ።
ቴርሞሜትሩ አስራ አንድ አለ። አላመንሁትም፤ ነቀነቅሁት።
ጋዜጣውን ልጬ ለጠፍሁ፤ የአሸዋውን እጅጌ ዳግም ሞላሁት፤
ሌባውን በየመስኮቱ፣ ሻማ ይዤ ፈለግሁት፤
ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከየት እንደገባ አጣሁት።

ቧንቧ ሠራተኛው ካሊን መጣ፤ ተንበርክኮ መዳፉን ወለሉ ላይ ጣለ፤
እንደ ሐኪም ዝም ብሎ ቆየና፣
«እዚህ የተበላሸ የለም፤ ከሥርሽ ማን ነው ያለ?»

ማንም አልነበረም ለካ።
ስታመንን ሳሉ ጠንቶበት፣ ልጁ ሶፊያ ሆስፒታል ወስዶታል፤
ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ሲወጣም ራዲያተሮቹን ዘግቷል።
እኔ አልሰማሁም።
ሐሙስ ጋዜጣው ሲቀር እንኳ፣ ረስቶት ነው ብዬ አልፌያለሁ።

ያን ሌሊት ካፖርቴን ለብሼ፣ የሒሳብ መዝገቤን ከፈትሁ፤
«ቁጠባ» የሚለውን ዓምድ፣ አስራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ገለጥሁ።
ቁጥሩ ልክ ነው፤ ድምሩም። የተሳሳተው ርዕሱ ነበር።
ምድጃዬ ሰው ነበር።
«ቁጠባ»ን በቀይ ሰርዤ፣ «ስታመን» ብዬ ጻፍሁበት፤
ተነሥቼም ወደ ራዲያተሩ፣ በባሌ ጉጠት ታገልሁበት።
አስራ አንድ ዓመት የዛገ እጅ፣ እንዲህ በቀላሉ አይዞርም።
(የራዲያተሩን ማለቴ ነው። የኔም ቢሆን አይሻልም።)
ሦስት ላይ አደረስሁት። ቧንቧው አጉረመረመ፤
እንደ ሽማግሌ ሳለ።

ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄድ፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል፤
ወደ ታች የሚወርደው ጥቂት ነው። ጥቂት ግን ይወርዳል።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ተመለሰ። ከስቷል፤ ከካናቴራው በላይ ሹራብ ደርቧል።
«ባዶ ቤት፣» አለኝ፣ «በረዶ ሆኖ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር የፈራሁ፤
ስገባ ግን ከጣሪያዬ፣ ለብ ያለ ትንፋሽ አገኘሁ።
ምን አደረግሽ?»
«ጋዜጣው ነው፣» አልሁት፣
የወሩን ሒሳብ፣ ዘጠና አራት ሌቫ፣ ኪሴ ውስጥ አጥፌ እየደበቅሁ።
«ጋዜጣ ሙቀት ይይዛል። ሐሙስ እንዳትረሳ።»