የረቡዕ ስልክ

ሰነዱ ከኦስሎ ማክሰኞ ደረሰ፤
ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ጠርዙ የራሰ፣
በረዶ ነው እንጂ እንባስ አልፈሰሰ።
ሰማንያ ገጽ ነው፤ ርእሱ ረጅም፦
"ከኃያል ጎረቤት፣ ቢጥምም ባይጥምም፣
የፉክክር አያያዝ"።
ቶርዲስ አስተርጓሚዋ፣ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ፣
አንዲት ቃል ላይ ቆመች፤ ቃሏም "አያያዝ"።

(አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት፤
ይህ የኔ ተረት ነው፣ እሷ አታውቀውም፣
ኪርከኔስ ያለ ሰው ጭብጦ አይበላም።
ግን ያቺ ትንሽ ከተማ፣ በሰሜን ጫፍ ላይ፣
ጭብጦ ትመስላለች ከካርታው ስትታይ።)

ሁለት ቃል ተጋብተው በየገጹ አሉ፣
"ማስፈራት"፣ "ማረጋጋት" የሚባባሉ፤
አንደኛው ሲቆልፍ፣ ሌላው ሲያንኳኳ፣
አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ ነበራቸው ለካ።

ረቡዕ። ከረፋዱ፣ ረፋድ ከተባለ፤
ታኅሣሥ ነው፣ ፀሐዩ ወደ ደቡብ ኮበለለ።
ሻለቃ ኤይስታይን ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ስልኩን አነሣና፣ መነጽሩን ፈልጎ፣
"ይሰማል?"
"ይሰማል።"
"እዚያስ?"
"እዚህም ይሰማል።"
በየሳምንቱ ነው፤ ይኸው ነው ጸሎቱ፤
የሚሉት ባይኖርም ይደወላል በሰዓቱ።
መስመር እንደ ሕመምተኛ ነው፣ ካልጠየቁት ይሞታል፤
ሲሞት አይጮህም፤ በማግስቱ ይታወቃል።

ከፓስቪክ ወንዝ ማዶ ዛሩቢን ነው፣ ኮሎኔሉ፤
ዱሮ ባንድ ድንኳን ዓሣ በልተዋል፣ አሁን "እርስዎ" ይባባላሉ።
ዛሬ ወረቀት ያነባል፤ ድምፁ እንጨት ሆኗል፦
"አሥራ አንድ ወራሪ ድንበሬን ጥሷል።"
ወራሪ የተባሉት የበረዶ አጋዘኖች ናቸው፣
የሳሚው የኒላስ፣ ወንዙ ረግቶ ድልድይ ሆኖ ያሻገራቸው።
ከበረዶ ሥር የጫሩት ሣር በኪሎ ተሰልቷል፤
ሂሳቡ ባለማኅተም ለሚኒስቴሩ ተልኳል።

ቶርዲስ ቋንቋውን የለቀመችው ከገበያ ነው፣ በልጅነት፣
ኬላው ክፍት ሳለ፣ የማዶ ሴቶች ሹራብና ብርጭቆ ሲሸጡበት፤
"ውሰጂ፣ እኔ ልክሰር" የሚለውን ቀድማ ነው ያወቀች፤
"ወረራ" የሚለውን ኋላ ከመዝገበ ቃላት አጠናች።
"ወራሪ"ን አፏ ውስጥ አዟዙራ፣ አዟዙራ፣
እንደ ትኩስ ድንች እስኪበርድ ታግሣ በተራ፣
"አሥራ አንድ መንገደኛ" ብላ አወጣችው።
ሰነዱ ይህን አይልም። ማንም አላዘዛት። እሷው ነች ያለችው።

ሻለቃው በተራው፣ ከገጽ ዐርባ ሦስት፦
"ሰኞ ተኩስ አለን። ልምምድ ነው። ከድንበር ሠላሳ ኪሎሜትር። ይወቁት።"

ማስፈራት ይህ ነበር።
ከዚያ መስመሩ ዝም አለ።
የሚንተከተክ ነገር፣ ምናልባት ማንቆርቆሪያ፣ ከወዲያ፤
የወንበር ሲጥታ፤
የሰው ትንፋሽ።
ማረጋጋት ይህ ይሆን? ገጽ ስንት ላይ አለ፣
ባላንጣህ ሲተነፍስ መስማት የተባለ?

ዛሩቢን ተናገረ፣ ከወረቀቱ ሳይሆን፤
(ያስታውቃል፤ ድምፁ ሥጋ ለበሰ።)
"አንዷ ታነክሳለች። ልጆቹ ይመግቧታል።
ይህን አትጻፉት።"
አልጻፉትም።

አሥሩ በሳምንቱ ወንዙን ተሻገሩ፤
ሂሳቡ አልተከፈለም፤ ሰኞም ተኩሱ ቀጠለ፣ መስኮቶች ዘመሩ።
ኒላስ ቢሮ መጥቶ ቆቡን ይዞ ቆሟል፣
"አሥራ አንደኛዋስ?" ይላል።
"ያቺ ግንባረ ነጯ፣ መሪያቸው ነበረች፤ የማን ናት ከእንግዲህ?"
ቶርዲስ ሰነዱን ገለጠች፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላም ወዲህ።
ስለ መርከብ አለ፤ ስለ ሳተላይት፤ ስለ ዓሣ ኮታ፤
ስለ ባሕር ሥር ገመድ ብቻ አሥር ገጽ ሐተታ።
ስለ አንካሳዋ የለም።

ቅጹን ሞላች እንደ ወትሮው፦ "መስመሩ ይሠራል"፤
ለኒላስ ወንበር ሳበች። "እስኪ ረቡዕ ይድረስ" አለችው።