ከመብሳት በፊት

ሻርጃ፣ ሰባተኛ ፎቅ። ሊፍቱ አይሠራም፤
ቾክና ሜትር ይዣለሁ፣ ሌላ ጓዝ የለኝም።
ማሽኑ ነገ ይመጣል፤ ዛሬ የሐሳብ ቀን ነው፤
ያላሰቡበትን ሶሌታ ማንም አይመረምረው።

አራት ቀዳዳ ነው ክሊኒኩ የሚፈልገው፣
ከጥርስ ወንበሮቹ ውኃ የሚያወርደው።
መብሳቱ ቀላል ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤
የተበሳ ሶሌታ ግን ይቅርታ አያውቅም።

ፕላኑን ጠየቅሁት ኢንጂነር ሸሪፍን፤
ትከሻውን ሰብቆ አሳየኝ ግድግዳውን፦
"ሕንፃው ከኔ ይበልጣል። አማካሪው ሞቷል፤
ወረቀቱን ደግሞ ምድር ቤት ውኃ በልቶታል።"

እንግዲህ ጎንበስ ብዬ ወለሉን ሸነሸንኩ፤
በየግማሽ ስንዝር ቁም መስመር አሰመርኩ፤
አግድሙንም ደገምኩ፤ ገበጣ መሰለኝ፤
ጠጠሩ ብቻ ነው አሁን የጎደለኝ።

ፌሮ በርዝመቱ ከሄዱበት ይሰወራል፤
ሲያቋርጡት ብቻ ጀርባውን ያጎብጣል፤
ስለዚህ ሁለቴ ነው፣ በቁምም በአግድምም፤
አንዱን ወገን ሰምቶ ዳኛ አይፈርድም።

ሁለት አንቴና አለ፤ አንዱ ሩቅ ያያል፣ ግን ደብዛዛ፤
አንዱ ቅርቡን ያጠራል። ሁለቱም ይምጡ፣ ኪራዩ ቢበዛ።
የላዩ መረብ ሲጠብቅ የታቹን ይጋርዳል፤
ደጅ የቆመ ሎሌ የእልፍኙን ሰው ይከልላል።

ወለሉን እንዳያጥቡ ለኩንጁሞን ነገርኩት፤
"እርጥበት ያሳውረዋል፤ እባክህ በደረቁ ተዉት።"
ግን ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ጨው በአየር ይገባል፤
ኮንክሪቱም እንደ ሰው በነሐሴ ያልበዋል።

ከሁሉ የምፈራው የተወጠረ ገመድ ነው፣
ድሪል ከነካው ተፈትልኮ ሰው የሚጥለው።
አለ ወይስ የለም? ማንን ልጠይቅ ስል፣
ከደረጃው በኩል ሰው ሰማሁ ሲያስል።

"ገመድ የለም" አለኝ በስብርባሪ ዐረብኛ
ናጡሩ ጉል ዘማን፣ የሕንፃው ዘበኛ።
"እኔ ነኝ የሞላሁት፣ ጢሜ ሳይበቅል ገና፤
ሌሊት ነው የሞላነው፣ ቀን ያቃጥላልና።

"የመብራቱ ቱቦ ቀጥ ማለት ነበረበት፤
ፎርማኑ ቸኮለና በሰያፍ ወሰዱት፤
ከዚህ ምሰሶ" አለ፣ በከዘራው እየጠቆመ፤
መስኮቱ ዘንድ ደረሰ፤ እዚያ ዝም ብሎ ቆመ።

"እዚህ ጋ ማንኪያዬ ነው። ከኪሴ ሾልኮ ወድቆ፣
ላነሣው ስጎነበስ ኮንክሪቱ ዋጠው ደፍቆ።
ደመወዝ እስኪመጣ ሻይ በሚስማር አማሰልኩ"
አለኝና ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ጻፍኩ።

ራዳሩ ስም አያውቅም፤ ማንኪያ ሆነ ቁራጭ ፌሮ፣
ለሱ አንድ ቅስት ነው፣ በጨለማው ተቀርቅሮ።
ሰያፉን መስመር ግን በቀይ አሰፈርኩት፤
"ከሰው የተሰማ፣ ይጣራ" ብዬ ጎኑ ጻፍኩበት።

አራተኛው ቀዳዳ ያረፈው እማንኪያው ላይ ነበር፤
በቾክ ከበብኩና "አንድ ስንዝር ወዲያ ይሻገር"
አልኩ። ነገ ሸሪፍ "ምክንያቱስ?" ይለኛል፤
"ምንነቱ ያልታወቀ ብረት" ማለት ይበቃኛል።

መብራቱን ሳጠፋ ጉል ዘማን ጠራኝ፤
ደረጃው ላይ ቆሞ "ዝጎ ይሆን?" አለኝ።
"ኮንክሪት ውስጥ ብረት አይዝግም፣ ጨው ካልደረሰበት…"
ብዬ ሳልጨርሰው፣ ባሕሩ ትዝ አለኝ።