ሰያፍ ክር

ሃይፋ፣ የታችኛው ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ መስኮቴ ወደቡን ሲያይ፣
እኔ የማየው ስክሪን ነው፤ የክሬን አግዳሚ ብረት፣ ከጫፍ ጫፍ መረብ ለብሶ፣
ይሽከረከራል በጣቴ፣ ሄዶ ተመልሶ።
ኮንቴይነር ሊያነሳ ነው፣ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ሜትር፤
ግራው የቀኙ ግልባጭ፣ መሃሉ ላይ ቢታጠፍ የሚገጥም እንደ ደብተር።

ሸክሙ እኩል፣ መያዣው እኩል፣ እኩል የብረቱ ውፍረት፤
ታዲያ ከየት መጣች ይህች የሰባት ልዩነት?
ግራው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣
ቀኙ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ አለኝ።
“ይህየ በሴደር” አለ ሌዮኒድ፤ ይሁን፣ ግዴለም፤
ጃኬቱን አንስቶ ወጣ፣ ከሰባቷ ጋር ተወኝ።

ስለዚህ ጻፍኩ፣ ጥቂት መስመር ትእዛዝ፦
እያንዳንዱን ቋጠሮ በቁጥሩ ያዝ፣
የግራውን ምልክት ገልብጥ፣ ከዜሮ ማዶ ተሻገር፣
መንታው እዚያ ካለ መዝግብ፤ ከሌለ ተናገር።

አስኬድኩት።
ስልሳ አንድ ሺህ ቋጠሮ። ሁሉም መንታ አልባ።
ሁሉም!

ብቻዬን ሳቅሁ። “እኩል” ብዬ ነበር የጠየቅሁት፣
አሥራ አምስተኛዋ ዲጂት ላይ የተኛውን አቧራ ረስቼው።
ኮምፒውተር ቃል ይጠብቃል እንደ ጥንት ዳኛ፤
“ያህል” የሚባል አያውቅም፣ ካልነገርነው እኛ።
ፈቀድኩለት፤ የፀጉር ውፍረት፣ የእርሷም አንድ አሥረኛ።
(ከዚያ በላይ ከሰጠሁት ጎረቤትን ከመንታ ያምታታል፣
እንደ ሠርግ ቤት ሰካራም ያገኘውን “ወንድሜ” ይላል።)

መሃል መስመሩ ላይ ያሉት ደግሞ ግራ አጋቡኝ፤
ብገለብጣቸውም እዚያው፤
መንታቸውን ስፈልግ ራሳቸው አገኙኝ።
አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ለብቻቸው፦
ዜሮ ላይ የቆሙ የራሳቸው መንታ ናቸው፤ እለፋቸው።

እንደገና። ጎደሎ፦ ዜሮ። ቋጠሮው ሁሉ ተጣመረ።
ሰባቷ ግን አልሞተችም፤ ነገሩ ከረረ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ነው፣ ዳቦ ቤቱ ሲከፈት፣
የእርሾው ሽታ በደረጃው ሲወጣ፣ የገባኝ ስሕተት፦
ቋጠሮ ስቆጥር አድሬ ክሩን አላየሁም።
እያንዳንዱን አራት ማዕዘን ለሁለት የሚከፍል
ሰያፍ ክር አለ፤
ግራው ላይ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ።
ቀኙ ላይ ወደ ተራራው፣ ወደ ካርሜል መዝመም ሲገባው
እርሱም ወደ ባሕሩ አዘነበለ።
መስታወት መስሎኝ የነበረው
የወታደር ሰልፍ ነው፣ ሁሉም ፊቱን ወዳንድ ያዞረ።

ቀኙን ሰረዝኩት። ግራውን ገልብጬ ተካሁበት።
ሁለት መቶ አሥራ አምስት። ሁለት መቶ አሥራ አምስት።
ሰባቷ ወጥታ ሄደች፣ ደህና ዋዪም ሳትለኝ።

ጠዋት፣ ሰላጤው ዳር ካለው ወርክሾፕ፣
ናዲም፣ የአካው በያጅ፣ ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ
ወረቀቴን አየ፤ ቆይቶ፣ ቆይቶ፦
“ግራውን ጠዋት ነው የምበይደው፣ እጄ ሳይዝል፤
ቀኙን ከምሳ በኋላ፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግል።
ይህን ‘እኩል’ ያልሽውን፣ እኅቴ፣
የትኛው ስፌት ላይ ልጻፍልሽ?”

ወደ ቢሮ ተመለስኩ።
ከትእዛዙ ግርጌ አንድ መስመር ጨመርኩ፣
ኮምፒውተሩ ዘሎ የሚያልፋት፣ ለሰው ብቻ የምትቀር ማስታወሻ፦
ቀኙ ከምሳ በኋላ ነው።