ወደ ታች የሚያይ ወንበር

በመጋቢት ማለቂያ፣ ዊስኮንሲን፣ በረዶው ጥጉን ይዞ ሳለ፣
ሦስት አሮጌ ትራክተር ከአንድ ጎተራ ደጅ ተሰልፎ ዋለ።
ባለቤቱ ኤልሮይ ህሩስካ፣ ሰማንያ አንድ ነው ዓመቱ፤
ከኪሱ የሚያቃጭለው ገንዘብ ሳይሆን የመፍቻ ብረቱ።

«ምን ትዘሪያለሽ?» አለኝ፣ የዋጋ ነገር ሳያነሳ።
«ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፤ ማሳዬም የአንድ ሰው ማሳ።
አምስት በጋ በጉልበቴ እየዳኽሁ አረምኩት፤
ዘንድሮ ግን ጉልበቴ ራሱ እምቢ ሲል ሰማሁት።»
ሳቀ። የሱም ጉልበቶች በብረት ተተክተዋል፣ ሁለቱም፤
«መለዋወጫ አለ» አለኝ፣ «እንደ ድሮው ግን አይደለም።»

የመጀመሪያው ፎርድ ነው። ግራጫ፣ ሆዱ ቀይ፣ ቀለሙ የታደሰ፤
በአንድ ንክኪ ተነሣ፣ ጎተራው በድምፁ ታመሰ።
ሰው ሁሉ የሚወደው እሱን ነው፤ የእኔም ልብ ደነገጠ።
ግን ሆዱ ለመሬት ቀርቦ፣ መኮትኮቻው ከኋላው ተቀመጠ፤
አረሙን ላይ ስል አንገቴን ጠምዝዤ መንዳት ሊኖርብኝ፣
የሰኔውን ሽንኩርት በሆዱ እየዳበሰ ሊያጎብጥብኝ።
«እርፍ ጨብጦ ወደ ኋላ ማየት ነውር ነው» አለ ሽማግሌው፣
የእሑድ ሳቁን ሳቀና ሞተሩን አጠፋው።

ሁለተኛው አሊስ ነው፣ ብርቱካንማ፤ «ጂ» ብለው ይጠሩታል።
ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ ነው፣ የተገላቢጦሽ ይመስላል።
ሁለት ቀጭን ቧንቧ፣ አንድ መሪ፣ ከዚያ ወዲያ አፈር ብቻ፤
ከዓይኔ ሥር፣ ከእግሬ መሃል የሚወርድ መኮትኮቻ።
ተቀመጥኩበት። አልዋሽም፣ የራሴ መሰለኝ።
ዋጋውን ሲነግረኝ ወረድኩ፣ ማንም ውረጂ ሳይለኝ።

ሦስተኛው ሸራ ለብሶ ነበር፣ ዶሮ ያደረችበት፤
ፋርሞል ከብ፣ ቀይነቱ ወደ ዝገት የተሰደደበት።
ሞተሩ ወደ ግራ ሸሽቷል፣ ወንበሩ ወደ ቀኝ፤
ጠማማ ነው አልኩ በሆዴ። ጠማማነቱ ጠቀመኝ፦
ከጎኑ ቁልቁል ስመለከት ፈሩ ወለል ብሎ ታየ፣
ሞተሩ እንደ ጨዋ ሰው ዘወር ብሎ፣ ሳይከልለኝ ቆየ።

ከዚያ ቀለም ማየቴን ትቼ በእምቢተኛው ጉልበቴ ተንበረከክሁ።
ሜትሬን ከጎማ ጎማ ዘረጋሁ፤ የመደቤ ስፋት ልክ ገባ።
የማርሹን ዘይት በጣቴ አየሁ፤ ወተት መስሏል፣ ውሃ ገብቶበታል።
መሪው ሩብ ዙር ባዶውን ይዞራል።
የኋላው ጎማ ተሰነጣጥቋል፣ በስንጥቁ ውስጥ የሌላ ዘመን ጭቃ።
ባትሪው ስድስት ቮልት፤ ሦስቴ አስሎ ተነሣ።

«ይህን ሁሉ አውቃለሁ» አለ ኤልሮይ፣ «የረከሰው ለዚያ ነው።»
ቆየና፣ ሸራውን እያጠፈ፣
«ቬርላ ሃያ ሁለት በጋ ኪያር የኮተኮተችው በዚህ ነው።
አንድ ቀን አንገቴን አመመኝ ብላ አታውቅም።»
ስለ ሚስቱ የነገረኝ ይህን ብቻ ነው።
በቀረው ጊዜ ስለ ካርቡሬተር አወራን።

ገዛሁት። ዘይቱን ሁለቴ አጠብኩ፣ የመሪውን ጥርስ አስቀየርኩ፤
በሰኔ ማሳ ገብቼ፣ በመጀመሪያው ሰዓት
ስምንት ሜትር ቀይ ሥር ከነቅጠሉ ነቀልኩ።
ጥፋቱ የትራክተሩ አልነበረም፤
ጎረቤቴ ሚሎ በመኪናው ሲያልፍ ጥሩምባ ነፋልኝ፣
እጄን ላውለበልብለት ቀና አልኩ፣
ፈሩ በዚያች ቅጽበት ለቀቀኝ።

ያን ምሽት የነቀልኩትን ቀቅዬ በላሁ፤
ጣት የማታህል ሥር፣ ጸጸት ጸጸት የምትል።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የምመልሰው ከማሳው ጫፍ ስደርስ ነው።
ኮራች ይሉኛል፤ ይበሉ።
ከእግሬ ሥር ሁለት ቅጠል ያበቀለው ሁሉ
በሁለት ብረት መሃል፣ በአንድ ስንዝር በር፣
አንድ በአንድ፣
ሳይነካ ያልፋል።